የመሳፈሪያ ገንዘብ

ኤፍሬም ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሳምቡሳ ይጠብሳል። እናቱ በድርቁ ሞታበታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ከነበጉ ወስዶ አረንጓዴ ተራሮች በከበቡት አገር ለሚኖሩ ዘመዶች አደራ ሰጥቶታል። የአደራው ቤት አባወራ ግን ልጁ እንደ ወንድሙ የሚያየው በግ ለመጪው በዓል ይታረድ ብሎ ወሰነ። ኤፍሬም ማልቀስ ብቻውን እንደማያዋጣው ገባው። ከእናቱ የተማረውን ሙያ ይዞ ገበያ ወጣ። ከሳምቡሳው የሚያገኛትን ሳንቲም ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ያጠራቅም ጀመር፤ እሱም በጉም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ።

ፊልሙ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋር» በተባለው ክፍል ሲታይ፣ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ያን ጊዜ ስሙን ብቻ ሰምተው «እናየዋለን» ብለው ያለፉ የፊልም ወዳጆች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም።

ፊልም የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፤ «ሰሞኑን ምን አየህ?» ይባባላሉ። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ባለፉት ሳምንታት ደጋግሞ የተጠየቀውም ይህንኑ ነው። መልሱ አዲስ የወጣ ፊልም አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት የወጡ አራት ፊልሞች ናቸው፣ አንዳንዶቹም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የታዩ። በተከታታይ ሲታዩ ግን ተለያይተው ያልታየ ነገር ወጣ። በአራቱም ውስጥ ከቤት የሚወጣ ወይም ወደ ቤት የሚመለስ ሰው አለ። አራቱንም የሠሩት ደግሞ በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው አገር ለቀው የሄዱ፣ ካሜራ ይዘው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። አብሮ ማየት የሚገባውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ፊልም የጀመረውን ወሬ ሌላው ይቀጥለዋል።

ወደ ኤፍሬም እንመለስ። ያሬድ ልጅ ሳለ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያ ያደገ፣ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፊልም የተማረ ነው። የስደት ልጅ የአገሩን ገጠር ሲቀርጽ መልክዓ ምድሩ ብቻ እንዳያማልለው ያሰጋል። እርግጥ የ«ላምብ» ተራሮች ውብ ናቸው፤ ያሬድ ግን ዓይኑን ከጓዳው አላነሳም። በእርሻ ቤት ወንድ ልጅ ምጣድ ዳር ሲቀመጥ የሚደርስበትን ቁጣ፣ አጎት «ወንድ ልጅ ማረስ እንጂ» ሲል በዙሪያው ያሉ ሴቶች ፊት ላይ የሚነበበውን ሁሉ አሳይቶናል። ጽዮን የምትባለው የአጎት ልጅ ደግሞ ጋዜጣ ታነባለች። ለዚያ ቤት ይህ ሥራ ፈትነት ነው። ሁለቱ ልጆች፣ የሚያበስለው ወንድና የምታነበው ሴት፣ ብዙ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። የጽዮንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ቅድስት ስዩም ናት፤ ኤፍሬምን የተጫወተው ታዳጊ ረድኤት አማረ ነው። የልጅ ትወና ብዙ ጊዜ ተጠንቶ የተነገረ ቃል ያስመስለዋል፤ ረድኤት ግን ዝም ሲል ይበልጥ ይናገራል።

ከልጆች ጋር የሚታይ ፊልም ለሚፈልግ ቤተሰብ ከአራቱ የሚሆነው ይህ ነው።

ሁለተኛው ፊልም «የበለስ ዛፍ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። አዘጋጇ ዓለምወርቅ ዳቪድያን በልጅነቷ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የሄደች ቤተ እስራኤላዊት ናት፤ ፊልሙም የራሷ ልጅነት ትዝታ የተነከረበት ነው። የእስራኤል ፊልም ቢሆንም ተዋንያኑ የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ ሰፈሩም አዲስ አበባ። ጊዜው የደርግ መንግሥት መጨረሻ ነው። ሚና 16 ዓመቷ ነው። ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራውን ይጠብቃል። ኤሊ የሚባለው ፍቅረኛዋ ክርስቲያን ስለሆነ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስም የለውም። እንደ እድሜ እኩዮቹ ሁሉ አፈሳ ይፈራል። ወታደሮቹ በመጡ ቁጥር መደበቂያው ያ ትልቅ ዛፍ ነው።

«አፈሳ» የሚለውን ቃል በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ሲሰማው ማብራሪያ አይሻም። ልጅ ወደ ሱቅ ተልኮ የማይመለስበት፣ እናቶች የወንድ ልጅ ቁመት በጨመረ ቁጥር የሚሳቀቁበት ጊዜ ነበር። ፊልሙ ይህን በንግግር አያስረዳም። የጭነት መኪና ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ጨዋታው ይቆማል፤ ሁሉም ይበተናል። ተመልካቹ መኪናውን ከማየቱ በፊት ይሮጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ያውቀዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ«ዘመቻ ሰለሞን» በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ይህ ቁጥር በየጊዜው ሲነገር የድል ዜና ሆኖ ነው። ዓለምወርቅ የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑ ላይ የወጣችው ልጅ ማንን ትታ ወጣች? በፊልሙ ውስጥ ሚና ስለ ኢየሩሳሌም አታልምም። የምታስበው ዛፉ ላይ ስላለው ልጅ ብቻ ነው። በቶሮንቶ ፌስቲቫል ለሴት አዘጋጅ የሚሰጠውን የኦደንሺያ ሽልማት ያስገኘላትም ይህ ድፍረት ይመስላል። ጸሐፊው አንድ ቅሬታ አለው። መጨረሻው ላይ ነገሮች ይቻኮላሉ፤ እስከዚያ ድረስ ጊዜ ተወስዶ የተሠራው የሰፈር ኑሮ በድንገት ከእጅ ያመልጣል። ቢሆንም በእስራኤል ተወልደው አፋቸውን በዕብራይስጥ የፈቱ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይህን ፊልም ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ሊያዩት ይገባል። ወላጆቻቸው ስለዚያ ሰፈር ያልነገሯቸው ብዙ ነገር አለበት።

(በዚሁ ጉዳይ ላይ የራዱ ሚሃይሊያኑን እ.ኤ.አ. የ2005 ፊልም «ኑርና ሁን» ያየ ካለ ሁለቱን ቢያስተያይ ይጠቅመዋል። በዚያኛው ክርስቲያን ልጅ ቤተ እስራኤላዊ ነኝ ብሎ በ«ዘመቻ ሙሴ» ይሄዳል። በዚህኛው ክርስቲያኑ ልጅ ቀሪ ነው።)

ሦስተኛው ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። «ፋያ ዳዪ» ታሪክ ተከትሎ ለመሄድ ለሚጓጓ ተመልካች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያስቸግረዋል። ሁለት ሰዓት የሚወስድ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ግን «ዘጋቢ» የሚለው ስያሜ ራሱ አይመጥነውም። አዘጋጇ ጄሲካ በሽር ሜክሲኮ ሲቲ ተወልዳ ሐረር ያደገች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ ሜክሲኳዊት የሆኑ ሴት ናት። በአሥራዎቹ እድሜዋ አገሯን ለቅቃ ከብዙ ዓመት በኋላ ስትመለስ በልጅነቷ የምታውቀው የቡና ማሳ ጫት ሆኖ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች ራሷ ካሜራውን ይዛ ቀረጸች።

ጫት በዜና ሲነሳ ወይ የውጭ ምንዛሬ ነው፣ ወይ ሱስ ነው። በ«ፋያ ዳዪ» ግን መጀመሪያ የሚታየው ሥራ ነው። ሌሊት ሲቆረጥ፣ ሲታሰር፣ ሲሸከሙት፣ ትኩስነቱ ሳይጠፋ ገበያ እንዲደርስ ሲሮጡበት። የርዕሱ ሐረግ ሠራተኞቹ የሚቀባበሉት የሥራ ዜማ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ምርቃናው ይመጣል። ጭሱ፣ ጸሎቱ፣ የዘላለም ሕይወት ውኃ ፍለጋ ስለሄዱት ሰዎች የሚተረከው የሱፊዎች ተረት፤ ሕልሙና ቀኑ ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ከመካከሉ መሐመድ የሚባል የ14 ዓመት ተላላኪ ልጅ ብቅ ይላል። አባቱ ይቅማል፤ ቤቱ ይረበሻል። ትልልቆቹ ወጣቶች ደግሞ በረሃና ባሕር አቋርጦ ስለ መሄድ ያወራሉ፤ መሐመድ ያዳምጣል። የኤፍሬም የሳምቡሳ ሳንቲም ወደ ቤት ለመመለሻ ነበር፤ እዚህ ያለው ልጅ ልቡ ያለው በመውጫው ላይ ነው። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ምሽት ያየ ሰው ይህ ነገር ከአእምሮው አይጠፋም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ታየ፤ በስዊዘርላንዱ «ቪዥን ዱ ሬል» ዋናውን ሽልማት ወሰደ፤ በኋላም ለኦስካር የዘጋቢ ፊልም የመጀመሪያ ዙር ዝርዝር ውስጥ ገባ። ንግግሩ በአብዛኛው ኦሮምኛ ሲሆን አማርኛና ሐረሪም ይሰማበታል። አንድ ምክር ብቻ፤ በስልክ አይታይ። መብራት ጠፍቶ፣ ድምፁ ጥሩ በሆነ መሣሪያ ነው መታየት ያለበት። የወንዙንና የጫት ቅጠሉን ኮሽታ ያልሰማ ሰው ፊልሙን በግማሽ ነው ያየው።

እነዚህን ሁሉ የሚያሰባስበው ግን «ጤዛ» ነው።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛና የቲያትር ሰው ነበሩ። ልጁ በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ሄዶ መጀመሪያ ቺካጎ ትወና፣ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ ፊልም አጠና። በኋላ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ አሥርት ዓመታት አስተማረ። «ጤዛ»ን ለመሥራት ገንዘብ ፍለጋ ዓመታት ፈጅቶበታል። በ2008 ቬኒስ ላይ ሲታይ ልዩ የዳኞች ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አገኘ። በዚያው ዓመት የካርቴጅን ወርቃማ ታኒት፣ በሚቀጥለው ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ ወርቃማውን የየኔንጋ ፈረስ፣ ወሰደ። ለአንድ የአማርኛ ፊልም ይህ ሁሉ ሽልማት እንደ ጤዛው ራሱ ጠዋት ታይቶ የጠፋ ያህል መረሳቱ ያሳዝናል። በእርሱ ስም ስንት የአደባባይ ዝግጅት ሊደረግ ይገባ ነበር!

አንበርብር ሐኪም ለመሆን ጀርመን የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም፤ ትዝታውም ተቆራርጧል። እናቱ ልጃቸው በመምጣቱ እልል ይላሉ። መንደሩ ሁሉ «ውጭ አገር የተማረው መጣ» ብሎ ይሰበሰባል። እሱ ግን ሌሊት እየቃዠ ይጮኻል። ፊልሙ ከእሱ ትዝታ ጋር ይሄዳል፤ ወደ 1970ዎቹ ኮሎኝ፣ የኢትዮጵያ ተማሪዎች በሶሻሊዝም ሲከራከሩ፤ ከዚያ ወደ አብዮቱ አዲስ አበባ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ጀርመን። ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ የሚመለስ ሰው ነው። እግሩን የት እንዳጣ እዚህ አይነገርም፤ ፊልሙ ራሱ ለመናገር ጊዜውን ይጠብቃል፣ መጠበቁም ትክክል ነው።

አሮን አረፈ አንበርብርን ሲጫወት ብዙውን ጊዜ ይሰማል እንጂ አይናገርም። የጀርመኑ ክፍል ላይ ያሉት ክርክሮች ይረዝማሉ፤ አንዳንዱ ተመልካች «ንግግር በዛ» ይላል። ጸሐፊውም በመጀመሪያው እይታ እንዲያ ብሎ ነበር። በድጋሚ ሲያየው ግን ርዝመቱ አስፈላጊ መሆኑ ታየው። እነዚያ ወጣቶች በቃል ብቻ አገር ያቀኑ የመሰላቸው ጊዜ ነበርና፣ ቃሉ ሲበዛ ካልታየ ኋላ አዲስ አበባ ላይ ቃል በጥይት ሲመለስ ክብደቱ አይሰማም። መንደሩ ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ከወታደር ሸሽተው ዋሻ ይደበቃሉ። የ«የበለስ ዛፍ»ን ኤሊ ዛፍ ላይ ያየ ሰው እዚህ ዋሻው ውስጥ መልሶ ያገኘዋል። ሙዚቃው የቪጄይ አየርና የጆርጋ መስፍን ነው፤ እሱ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከቤት ስላልወጡት ሰዎች ማየት የሚፈልግ ካለ የኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለለት። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን በሁለት ሳምንት የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። እዚያ ጭሰኛው ያርሳል፣ ባለመሬቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ አይቸኩልም።

ፊልሞቹን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የተሰረቀ ቅጂ ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ጉሮሮ የሚነጠቅ እንጀራ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርስ አከፋፋይ አጥቶ ከባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ጋር ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳይተዋል። በዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጽሐፍና የፊልም ቤት እስከ ዛሬ በፊልሙ ስም ይጠራል። እዚያ ከተማ የሚኖር የፊልም ወዳጅ ገብቶ ቢጠይቅ አይቆጭም። «ሳንኮፋ» ራሱ በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀርቧል። በአዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ በባህል ማዕከላትና በፌስቲቫሎች የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ይከታተል።

ቅደም ተከተሉ እንደ ሰው ፈቃድ ነው። ጸሐፊው ከ«ላምብ» ጀምሮ በ«ጤዛ» መጨረስን ይመርጣል። «ጤዛ» ለብቻ የሚታይ ፊልም አይደለምና፣ ያን ዘመን የኖሩ አባት ወይም አክስት በቤት ካሉ አብረው ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ሪሞቱ ከእጅ አይራቅ። የሆነ ቦታ ላይ፣ ምናልባት ተማሪዎቹ ሲከራከሩ፣ ምናልባት ወታደሮቹ ሲመጡ፣ «እኛም እኮ ያን ጊዜ…» ብለው ይጀምራሉ። ያኔ ፊልሙን ማቆም ነው፤ ቡናውም ይፈላ።