ሲፈለግ እንግሊዛዊ
ክሪኬት ለሐበሻ እንግዳ ጨዋታ ነው፤ የዱሊፕሲንጂ ታሪክ ግን በሰው አገር ለሚኖር እንግዳ አይሆንም።

የሕንድ መሳፍንት ዘር ነው። ለኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም ለሰሴክስ ያለ ደመወዝ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1929 ለእንግሊዝ ተመርጦ ደቡብ አፍሪካን ገጠመ። ከአንድ ግጥሚያ በኋላ ግን ከቡድኑ ወጣ። ነጮቹ ደቡብ አፍሪካውያን ቀለሙን አልወደዱም ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። (ቡድኑን የሚመርጡት ግን እንግሊዞቹ ነበሩ!)

በዓመቱ አውስትራሊያ ስትመጣ ፈለጉት። ሎርድስ ሜዳ ላይ ብቻውን 173 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ለሰሴክስ በአንድ ቀን 333 አገባ።

በ1932 የሳንባ ሕመም ከሜዳ አስወጣው፤ ገና 27 ዓመቱ ነበር። ለእንግሊዝ የተሰለፈው 12 ጊዜ ብቻ ነው። በ1950 ወደ አውስትራሊያ ተመልሶ የሄደው የነጻይቱ ሕንድ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ ነው።