የማዳበሪያ ድጎማው በማኅበሩ በር ላይ ይለጠፍ

ይድረስ ለኢፌዴሪ ግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ትሮይቪል ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ ከጄፒ ገበያ ብዙም የማይርቅ ሰፈር ነው። በዚህች ከተማ ሠርተው ከሚያድሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ከሃዲያና ከከምባታ የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። ክረምት ሲቃረብ ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ስለ ማዳበሪያ ነው። አባት ኩንታሉ ስንት እንደገባ ይናገራል፤ ልጅ ራንዱን ቆጥሮ ይልካል።

ከዚያ ዋጋ ውስጥ መንግሥት የከፈለው ስንት ነው? አባትም ልጅም አያውቁም።

ድጎማው መኖሩ አያከራክርም። መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የማዳበሪያ ድጎማን አንሥቶ ነበር። የዓለም ዋጋ ሲንርና የዩክሬን ጦርነትም ሲያባብሰው ግን በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን ብር መድቦ ደጎመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛው ማዳበሪያ በብር ሲሰላ ይበልጥ ከብዷል።

የድጎማው ገንዘብ ግን በገበሬው እጅ አያልፍም። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ማዳበሪያውን ከውጭ ይገዛል፤ ጭነቱ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ወደ ዩኒየኖች፣ ከዚያም ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይጓጓዛል። ድጎማው መንገድ ላይ ዋጋው ውስጥ ይሰምጥና ገበሬው መጨረሻውን ቁጥር ብቻ ይሰማል። ዋጋው ሲጨምር የዓለም ገበያ ይሁን፣ የጭነት ኪራይ ይሁን፣ የደላላ እጅ ይሁን መለየት አይችልም። ማዳበሪያው ሲጠፋም የት እንደቆመ የሚያይበት መንገድ የለውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል አርሶ አደሮች እርሻቸውን ትተው አቤት ለማለት ባሕር ዳር ድረስ ሄደዋል።

ድጎማን ለዜጋ ማሳየት ግን ይቻላል። ማላዊ በ2005 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ድጎማ ለገበሬው ኩፖን ትሰጥ ነበር። ኩፖኑ አልፎ አልፎ ተሽጧል፣ ላልተገባ ሰውም ደርሷል፤ ቢሆንም ገበሬው ድርሻውን በእጁ ይዞ ይጠይቅ ነበር። በአሜሪካ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ካውንቲ የተከፈለውን የእርሻ ድጎማ ማንም ዜጋ ማየት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም የተቀባዮችን ስም ያትም ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ግን የኅብረቱ ፍርድ ቤት የግለሰቦች ስም በዚያ መልክ መውጣቱ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ሽሮታል።

ስለዚህ ከትሮይቪል የሚቀርበው ጥያቄ የማንንም ገበሬ ስም አይነካም። ሚኒስቴሩ በየማኅበሩ መጋዘን በር ላይ አንዲት ወረቀት እንድትለጠፍ ይዘዝ፦ ቀበሌው የተመደበለት ኩንታል፣ የደረሰበት ቀን፣ የግዢው ዋጋ፣ የማጓጓዣው፣ የድጎማው፣ በመጨረሻም የመሸጫው። ወረቀቷ ቀበሌው በሚናገረው ቋንቋ ትጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በስብሰባ ላይ ይነበብላቸው።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንደሚያመርት ታቅዷል። እስከዚያ ብዙ መኸር አለ። ወረቀቷ ግን ለመጪው ሰኔ ልትደርስ ትችላለች፤ ያኔ ከሆሳዕና የሚደውለው አባት ለልጁ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ከምን እንደተሠራም ይነግረዋል።

ከአክብሮት ጋር
ትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ