ከመውደቅ በፊት ያለችው ደቂቃ

ባለፈው ወር ስለ ሽሮ ነበር ያወራነው። ዛሬ ድስቱን ከእሳት እናውርድና ስለ ራስ መሳት እንጫወት፤ ቤቴ ገብቶ አይቼዋለሁ።

ትንሿ ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤት የኤችፒቪ ክትባት ተወጋችና እዚያው ወደቀች። ዲሴምበር 13 ደግሞ ለሉሲያ ተሰልፋ ስትዘምር ወደቀች፤ በጨለማ ተነስታ ቁርስ ሳትበላ ነበር የሄደችው። ሦስተኛው ቅዳሴ ላይ ሆነ። አንዷ «ዓይን ነው» አለች፣ ሌላዋ ክብሪት ጭራ አፍንጫዋ ሥር ያዘች፣ እኔ እናቷ ደግሞ ብድግ አድርጌ ላቆማት ታገልኩ። ከሁላችንም የባሰው ስህተት የኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቷ «ሰው ፊት አልቆምም» ብላ መዝሙሩንም ተወች።

ሐኪሙ ብዙ ጠየቃት፣ ልቧን በኢሲጂ አየ፣ የደም ግፊቷን ተኝታም ቆማም ለካ፣ ደሟን አስመረመረ። «ልቧ ጤነኛ ነው፣ መድኃኒት አያስፈልጋትም» አለን። እኛ ሐበሾች የስዊድን ሐኪም የሚያውቀው «አልቬዶን ውሰዱ፣ ውኃ ጠጡ» ብቻ ነው እያልን እንስቃለን አይደል? በዚህ ቀን አልቬዶኑም ቀረና ውኃው ብቻ ተረፈን! ተናድጄ ነበር። ግን ሰውዬው ትክክል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ስንቆም፣ ሲሞቀን ወይም መርፌ ስናይ፣ በአንዳንዶቻችን ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያዘገያል፤ የደም ሥሮችም ይላላሉ። ደም ወደ እግር ይወርድና አንጎል ለጊዜው ይጎድልበታል። ስንወድቅና ስንጋደም ደሙ ስለሚመለስ ነው ቶሎ የምንነቃው። ስለዚህ የወደቀውን ሰው አታንሱት። በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት።

ልጆች፣ ይህችን እናንተ ራሳችሁ አንብቡ። ከመውደቅ በፊት ዓይን ብዥ ይላል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል፣ ያቅለሸልሻል። ያኔ እግራችሁን አቆላልፉና ጭናችሁንና መቀመጫችሁን አጥብቁ። ወይም የሁለቱን እጅ ጣቶች አያይዛችሁ ሳትለቁ ወደ ግራና ቀኝ ሳቡ። የተወጠረው ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ካልተሻላችሁ ቁጢጥ በሉ ወይም ተጋደሙ። ያሳፍራል አትበሉ፤ ወድቆ ጥርስ መስበር ይብሳል።

ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም። በ2006 በወጣ ጥናት 223 ሕመምተኞች ተከታትለው ነበር። የተለመደው ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ግማሽ ያህሉ እንደገና ራሳቸውን ሲስቱ፣ ጡንቻ ማጥበቅ ከተማሩት ግን ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው የሳቱት።

ለመርፌና ለደም ፍርሃት ደግሞ እዚሁ ስዊድን የተገኘ ዘዴ አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ላርስ-ዮራን ኦስት ከባልደረባው ጋር በ1987 አሳተመው። እጅን፣ ሆድንና እግርን ፊት እስኪሞቅ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ማጥበቅ፣ ትንሽ ላላ ማድረግ፣ እንደገና ማጥበቅ፣ አምስት ጊዜ። የሚወጋው ክንድ ግን ላላ ይበል። ለትምህርት ቤቱ ነርስ «ተኝታ ትወጋ» ማለትም ይቻላል፤ እኔ አላውቅም ነበር።

ከቤት ሳትወጡ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጠጡ። ጨው ግን ሐኪም ሳያዝ አትጨምሩ፣ በተለይ ደም ግፊት ያለባችሁ። የጾሙን ነገር ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ በግልጽ ንገሩ፤ የሚወድቅ ልጅ ውኃ ሳይቀምስ ሰዓታት ይቁም የሚል አባት አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሩጫ ወይም በኳስ መሃል የወደቀ፣ ተኝቶ ሳለ የሳተ፣ ደረቱን ያመመው፣ ልቡ የደለቀበት፣ ወይም ከዘመዶቹ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበት ልጅ እግር በማቆላለፍ አይታለፍም፤ ቶሎ ልቡ ይመርመር። ለምክር 1177 ደውሉ፤ ቶሎ ካልነቃ 112።

የኔዋ ባለፈው ሉሲያ ተመልሳ ተሰለፈች። ጠዋት ፍርፍር አብልቼ ነው የላክኋት። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ፊቷ ነጣ፤ ልቤ ቆመ። ዝቅ ብዬ ሳይ በነጩ ቀሚስ ሥር እግሮቿ ተቆላልፈዋል። ከአጠገቧ የቆመችው ልጅ እንኳ አላወቀችም።