የመስታወቷ መብረቅና የሜዳው መብረቅ

ለማስተማር ልምምድ ከወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት ይዘነው የተመለስነው ጥያቄ አለ። ከመካከላችን አንዱ ተውሶ ያመጣትን የፕላዝማ ኳስ ክፍል ውስጥ አበራን። ልጆቹም ተራ በተራ ጣታቸውን አሳረፉባት። ሐምራዊው የብርሃን ክር ጣታቸውን እየተከተለ ሲላወስ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ደወሉ ሊደወል ሲል ታዲያ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ይቺ መብረቅ ናት ብላችኋል፤ እንግዲያው መብረቅ ሰው አይገድልም ማለት ነው?» አለን። ክው አልን። የሚያምረውን ብቻ ነበር የነገርናቸው።

ፕላዝማ ሲባል ብዙ ታላላቆቻችን ትዝ የሚላቸው ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ያስተምር የነበረው ቴሌቪዥን ነው፤ ማስታወሻ ሳይጻፍ ጥሎ የሚሄደው! ፕላዝማ ራሱ ግን ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ የሚቆጠር አራተኛ የቁስ አካል ሁኔታ ነው። ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው ሲላቀቁ ጋዙ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል። ኳሷ ውስጥ ያሉት እንደ ኒዮንና አርጎን ያሉ ጋዞች ናቸው። ከሥሯ ያለው መሣሪያ ኃይሉን ወደ ጥቂት ሺህ ቮልት ከፍ አድርጎ፣ በሴኮንድ በአሥር ሺህዎች ጊዜ እያፈራረቀ ለመካከለኛው እንብርት ይሰጣል። ጣት ሲጠጋ ሰውነታችን ለኤሌክትሪኩ መንገድ ስለሚሆን ክሩ ወደዚያ ይሳባል። የማይጎዳን ቮልቱ ትንሽ ሆኖ አይደለም፤ መስታወቱ ስለሚከልለንና የሚያልፈው ከረንት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ይህን ከለላ ማፍረስ ደግሞ ቀላል ነው። ከእኛው አንዱ ሳንቲም መስታወቱ ላይ አድርጎ በጣቱ ሲነካው ብልጭ አለና ቆዳው ተቃጠለ። ቀለበትና ሰዓት አውልቆ፣ ሞባይል አርቆ መሥራት ይገባል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አይጠጋት። መስታወቷ ከተሰነጠቀችም ከሶኬት ነቅሎ መተው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው ኳሷ ክፍል አትግባ» ይላሉ። አንስማማም። ትግባ፤ ግን በዚያው ክፍለ ጊዜ የሜዳው መብረቅ አብሮ ይነገር። እሱ መስታወት የለውም። ከረንቱ ብዙ ጊዜ ወደ 30,000 አምፔር፣ ሙቀቱም ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምቱን ደግሞ እናውቀዋለን። ከብት ጠባቂ ልጅ ዝናብ ሲመጣ የሚሮጠው ወደ ዛፍ ሥር ነው፤ መብረቅም የሚቀናው ከሜዳው ከፍ ወዳለው ነገር ነው። የሣር ጎጆም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። የመኪና ውስጥ ወይም እንደ ትምህርት ቤት ያለ ጠንካራ ሕንፃ ይሻላል። ብልጭታው ከታየ እስከ ነጎድጓዱ ይቆጠር፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ መጠለል ያስፈልጋል። የተመታን ሰው መንካት አያስፈራም፤ ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ትንፋሹ ቢቆም እንኳ ወዲያው የደረሰለት ሊያተርፈው ይችላል።

ውድ መምህራኖቻችን፣ ይህ ክፍል በልምምድ የትምህርት ዕቅዳችን ውስጥ እንዲገባ፣ ያውም ከግንቦት በፊት እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ልጆቹ በአዊኛ ጭምር ቢሰሙት ደግሞ ቤት ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ።

ለዚያ ልጅ የመለስንለት በማግሥቱ ነው። ዝም ብሎ ሰማንና ከብት ሲጠብቅ የሚጠለልበትን ቦታ ነገረን፤ ሜዳው መካከል ብቻዋን የቆመች ብሳና ናት።