በአባቶቻችን ሳይን መኩራት ጥሩ ነው፤ ማስላቱስ?



«ትሪጎኖሜትሪን የፈጠሩት ሙስሊሞች ናቸው» የሚል ፖስት ሲለቀቅ ላይክና ሼሩ ይዘንባል። «ማሻአላህ» ብሎ ከሚያልፈው ወጣት ስንቱ ነው ግን ሳይን ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው?

አባባሉም ሙሉ አይደለም። መነሻው ከግሪክና ከህንድ ሊቃውንት ነው። የእኛዎቹ ግን ተቀብለው ዝም አላሉም። አቡል ወፋእ አል-ቡዝጃኒ (940–998) የሳይንና የታንጀንት ሰንጠረዦችን አዘጋጀ። አል-ቢሩኒ የጋዝናን ቂብላ በስሌት አወጣ። ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ (1201–1274) ትምህርቱን ከሥነ ፈለክ ነጥሎ ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ጻፈው። ሁሉም በእጃቸው ያሰሉ ሰዎች ነበሩ።

«ለኑሮዬ ምን ይጠቅመኛል?» ለምትሉ፣ ወደ ባሕር እንውጣ። ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ ያለው የውቅያኖስ ጅረት በእኛ ክረምት ወደ ሰሜን ምሥራቅ በኃይል ይፈሳል፤ በበጋ አቅጣጫውን ይገለብጣል። እዚያ የሚጓዝ ሁሉ ጅረቱን ማስላት አለበት።

ለቀላል ምሳሌ፦ ጀልባችሁ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ደሴቷ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ጅረቱ ደግሞ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይገፋችኋል። ፊታችሁን በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ካዞራችሁ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ከደሴቷ 20 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተወስዳችኋል።

መፍትሔው ሳይን ነው። 5 ለ10 ሲካፈል 0.5፤ ሳይኑ 0.5 የሆነ አንግል 30 ዲግሪ። ስለዚህ ከምሥራቅ 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብላችሁ ትነዳላችሁ። ጀልባዋ ግን ወደ ምሥራቅ የምትጓዘው በ10 ሲባዛ በኮሳይን 30 ነው፤ በሰዓት 8.66 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጉዞው 4 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ይፈጃል። የ4 ሰዓት ነዳጅ ብቻ የያዘ ሰው ደሴቷ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት ባሕር ላይ ይቆማል።

በየመስጂዱ ያላችሁ ጀመዓዎች፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በሳምንት አንድ ምሽት የሒሳብ ጥናት ብታዘጋጁ ከመቶ የኩራት ፖስት ይበልጣል።

እስከዚያው ደብተር አውጡ፦ ጅረቱ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ወደየት ታዘነብላላችሁ? በስንት ሰዓትስ ትደርሳላችሁ? መልሱን ከነስሌቱ ኮሜንት ላይ እንጠብቃለን፣ ኢንሻአላህ።