ስልኩ የተሠራው ለየትኛው እጅ ነው?

ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ባካሄዱት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ለወሎ ሰው ግን ስሙ ሲጠራ ቀድሞ የሚታወሰው ሆስፒታሉ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ይህ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ፣ ለቁንጭርና ለሌሎች የቆዳ ሕመሞች፣ እንዲሁም ለዓይን ሕክምና ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር ሰው የሚመጣበት ነው። የተች ስልክ ጉዳይም ከዚሁ ሆስፒታል ደጃፍ ቢነሣ ተገቢ ነው። ስክሪኑ ለሰው እጅ ተመችቷል ወይስ አልተመቸም የሚለው ጥያቄ የሚፈተነው ለመንካት በሚቸገር እጅ ነውና።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭ ይጎዳል። በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት በሽታው ይድናል፤ ሕክምናው ከዘገየ ግን የተጎዳው ነርቭ ብዙ ጊዜ አይመለስም። በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። መዳፍ ማላቡን ያቆምና ይደርቃል፤ ጣትም የነካውን ነገር መለየት ይሳነዋል።

የዛሬው ስክሪን ደግሞ ጣትን የሚያውቀው በግፊት አይደለም፤ የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። የደረቀና የጠነከረ ቆዳ ይህን ምልክት ያደክመዋል። ስሜት ያጣ ጣት መስታወቱ ላይ ማረፉን ሳያውቅ ስለሚቆይ ስልኩ ባለቤቱ ሆን ብሎ ተጭኖ የያዘ ይመስለውና ያልተፈለገ ዝርዝር ይከፍታል። ብዙ ስልኮች መነካታቸውን የሚያረጋግጡበት ንዝረትም ለዚህ ጣት ምንም አይነግረውም። የሚታይ ለውጥ ወይም የሚሰማ ድምፅ ያስፈልገዋል።

ችግሩ በመጠን ያንሳል እንጂ የብዙዎች ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የደሴ አናጢ፣ ማረሻ ሲጨብጥ የኖረ ገበሬ፣ ጣቷ የሚንቀጠቀጥ አሮጊት ሁሉም ይህን መስታወት ደጋግመው ይነካሉ፤ መስታወቱ ደግሞ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ላዩ ላይ ወፍራም መከላከያ የተለጠፈበት ስልክ ከሆነ ይብስበታል።

ቀድሞ ይህ የምቾት ነገር ተደርጎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቴሌብር አለ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን መተግበሪያ አውጥተዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ እንኳ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ሆኗል። ገንዘብ ወደ ስክሪን ሲገባ አንድ የተሳሳተ ንክኪ ብር ወደማያውቁት ሰው ሊልክ ይችላል። ስክሪኑ እምቢ ያለው ሰው ስልኩን ለልጁ፣ ለጎረቤቱ ወይም ለባለሱቁ ይሰጣል፤ የሚስጥር ቁጥሩንም አብሮ ይነግራል። በዚያች ቅጽበት ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ነው። እንዲህ ዓይነት አሠራር «ተደራሽ» ሊባል አይገባውም።

በተን ያለው ስልክ በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር። ቁልፉ ሲጫኑት ይወርዳል፤ የ5 ቁጥር ቁልፍ ላይም በጣት የምትዳሰስ ትንሽ እብጠት አለች፤ ማየት የተሳነው ሰው ከእርሷ ተነሥቶ የቀሩትን ያገኛል። ቴሌብር በ*127# መሥራቱ ለብዙ ሰው መዳኛ የሆነውም ለዚህ ነው። መንግሥትም ሆነ ባንኮች የተች ስልክ በዛ ብለው ይህን መንገድ መዝጋት የለባቸውም።

ስንት ስፋት ይበቃል የሚለው በጥናት የተመለሰ ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ዒላማው ባነሰና በራቀ ቁጥር እጅ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ስልክ በአንድ እጅ ይዞ በአውራ ጣት ለሚነካ ሰው 9.2 ሚሊ ሜትር ስፋት በቂ ሆኖ አግኝቶታል። የአንድሮይድ መመሪያም አንድ በተን ከ9 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳያንስ ይመክራል። በጤነኛ እጅ የተለካው ይህን ያህል ከሆነ ለተጎዳ እጅ ከዚያ መብለጥ አለበት።

የአማርኛ ኪቦርድ እዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለበት። የፊደል ገበታችን 33 ቤቶች አሉት፤ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ባለው ስክሪን ላይ 33ቱ በሦስት ረድፍ ቢደረደሩ ለአንዱ ፊደል የሚደርሰው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል እየጻፉ ወደ ግዕዝ የሚቀይሩት ኪቦርዶች ደግሞ ላቲን ያልተማረውን ሰው ከበር ይመልሱታል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች መደመሩ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ለታጠፈ ጣት ከማንኛውም ኪቦርድ ይልቅ አንደበት ይቀርባል።

ስልክ ሠሪዎቹ ምንም አላደረጉም ማለት አይቻልም። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ የመንኪያ እስክሪብቶን አስቀርቶ ስክሪኑን ለጣት አደረገው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ባስተዋወቀው ዋን ዩአይ በተባለ የስልክ ገጽታ የሚነኩትን ነገሮች አውራ ጣት ወደሚደርስበት የስክሪኑ ታችኛው ክፍል አወረደ። አንድሮይድ «ተነክቶ ሲያዝ» የሚቆጠረውን ጊዜ ማርዘም፣ ጽሑፉንና ምስሉን ማተለቅ ያስችላል። አይፎን የተደጋገመ ንክኪን ችላ እንዲል ማዘዝ ይቻላል። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች መከላከያ ለተለጠፈበት ስክሪን ንክኪውን የሚያጠነክር አማራጭ አለ። ጉድለቱ እነዚህ ሁሉ ሴቲንግ ውስጥ ተደብቀው መቀመጣቸው ነው። ስልኩ ገና ሲከፈት፣ ቋንቋ ከማስመረጡ ጋር፣ ጥቂት ቁልፎችን አስነክቶ የባለቤቱን እጅ መለካትና ራሱን ማስተካከል ይገባዋል። ዕውቀቱም መሣሪያውም አለ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ተደራሽነትን ከሕንፃና ከመንገድ አልፎ በኢንፎርሜሽንና በኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂም ላይ ይጠይቃል። ስለዚህ የክፍያ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቢያንስ አራት ነገር ያሟሉ፦ «ላክ» የሚለው በተን ሰፊ ይሁን፣ «ሰርዝ» ከሚለውም ይራቅ፤ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም በጉልህ ይታይ፤ የሚስጥር ቁጥር ማስገቢያው ለዘገየ ጣት ጊዜ ይስጥ፤ መተግበሪያው ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ከሥጋ ደዌ የዳኑ ሰዎች፣ አረጋውያንና የጉልበት ሠራተኞች ተከፍሏቸው ይሞክሩት። ለዚህ ሙከራ ቦሩ ሜዳን የመሰለ ቦታ ሩቅ አይደለም።

በደሴና በኮምቦልቻ ስልክ የምትሸጡና የምትጠግኑ ወጣቶችም ድርሻ አላችሁ። ገዢው ከሱቁ ሳይወጣ «ተደራሽነት» የሚለውን ቦታ ከፍታችሁ ጽሑፉን አተልቁለት፣ የንክኪውን ጊዜ አርዝሙለት፣ በድምፅ መጻፍንም አሳዩት። አንባቢም ዛሬ ማታ የእናቱን ወይም የአባቱን ስልክ ተቀብሎ ይህንኑ ያድርግላቸው።