ቤት መቍጠር ሰው መቍጠር አይደለም

ባለፈው ዓመት በክፍላችን የክርክር ሰዓት ተነሥቼ፥ «ከዘጠኝ ሺህ ዓመት በፊት በቻታልሆዩክ 10,000 ሰው ይኖር ነበር» ብዬ በድፍረት ተናገርሁ። ቍጥሩ ትልቅ ስለ ሆነ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። የታሪክ መምህራችን ግን፥ «ማን ቈጠራቸው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝምና አፍሬ ተቀመጥሁ። ይህን አሳቤን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

ቻታልሆዩክ በቱርክ አገር በኮንያ ሜዳ ላይ የሚገኝ ኮረብታ ነው። ኮረብታውን ያቆመው ግን ሰው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7100 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ ሰዎች በጭቃ ጡብ ቤት ሲሠሩ፥ ሲያረጅም አፍርሰው በላዩ ሌላ ሲሠሩ ስለ ኖሩ፥ ፍርስራሹ ወደ 21 ሜትር ያህል ከፍ አለ፤ ስፋቱም 13 ሔክታር ያህል ሆነ። ነዋሪዎቹ ስንዴና ገብስ የሚዘሩ፥ በግና ፍየል የሚያረቡ ገበሬዎች ነበሩ። ቤቶቹ ጎን ለጎን የተጣበቁ ስለ ነበሩ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባው በጣራው በኩል በመሰላል ነበር። ሙታናቸውንም ከቤታቸው ወለል በታች ይቀብሩ ነበር። ጄምስ ሜላርት የተባለው ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ቍፋሮ ከጀመረ ወዲህ ስፍራው በዓለም የታወቀ ሆኗል።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች የሕዝብ መዝገብ አልተዉልንም። ሊቃውንቱ የሚያደርጉት በተቈፈረው ጥቂት ክፍል ያሉትን ቤቶች ቈጥረው፥ ኮረብታው ሁሉ እንደዚያው ነው ብለው ካሰቡ በኋላ፥ ባንድ ጊዜ ሰው የነበረባቸው ስንቶቹ እንደ ሆኑ ገምተው ባንድ ቤት በሚኖረው ሰው ቍጥር ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል 1,000 ቤት አለ እንበል። በያንዳንዱ 5 ሰው ቢኖር 5,000 ይሆናል። ባንድ ጊዜ ሰው የነበረባቸው 400ዎቹ ብቻ ከሆኑ ግን 2,000 ነው። ራውል ናሮል የተባለው ሊቅ በ1962 ዓ.ም. እንዳሳሰበው ላንድ ሰው 10 ካሬ ሜትር ወለል ብንሰጥ፥ 30 ካሬ ሜትር የሆነው ቤት የሚይዘው 3 ሰው ነውና ድምሩ ወደ 1,200 ይወርዳል። ቤቶቹ ያው ናቸው፤ ሰዎቹ ግን ካራት ሦስቱ ያህል ጠፉ!

ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ነገር እንዳልሆነ የተረዳሁት በክረምቱ ዕረፍት ወደ ሴት አያቴ አገር በሄድሁ ጊዜ ነው። በግቢያቸው አንድ የመኖሪያ ቤት፥ አንድ ማድ ቤት፥ አንድ የከብት ቤት፥ አንድ ደግሞ አጎቴ ወደ ከተማ ከገቡ ጀምሮ የተዘጋ ቤት አለ። የሚኖሩት ሰዎች 5 ናቸው። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣ ቈፋሪ ለያንዳንዱ ቤት 5 ሰው ቢሰጥ 20 ሰው ሊያገኝ ነው። ይህን ለአያቴ ብነግራቸው ስቀው፥ «ልጄ፥ ቤቱን ቈጠርህ እንጂ ሰዉን መቼ ቈጠርህ» አሉኝ። በቻታልሆዩክም ሰው ለቋቸው የጥራጊ መጣያ የሆኑ ቤቶች ተገኝተዋል።

ስለ ቻታልሆዩክ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ግምት ከ3,500 እስከ 8,000 ሰው የሚለው ነው። በ2024 ዓ.ም. ግን ሁለት ሊቃውንት፥ መንደሩ በደመቀበት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ6700 እስከ 6500 ባለው ዘመን ባንድ ዓመት የነበረው ሰው ከ600 እስከ 800 ያህል ብቻ ነው ብለው ጻፉ። ልዩነቱን ያመጣው በተለይ ስንት ቤት ባንድ ጊዜ ሰው ነበረበት የሚለው አሳብ መለወጡ ነው።

«ታዲያ ቢበዛስ ቢያንስስ ለኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። በ2019 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት 93 የራስ ቅሎች በ25ቱ ላይ ተሰብሮ የዳነ ቍስል ተገኝቷል፤ አጥኚዎቹም የሰው መጨናነቅ ጠብ ሳያመጣ አልቀረም ብለው አሰቡ። ሰዎቹ 8,000 ከነበሩ ይህ አሳብ ይጠነክራል። 700 ከነበሩ ግን ለጠቡ ሌላ ምክንያት መፈለግ ሊያስፈልግ ነው። ቍስሉ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን በግምት ላይ ቆሟል። ግምትን እንደ ቈጠራ አድርጎ የሚናገር ሰው የሞቱትን ሰዎች ጠባይ ሳይቀር በሐሰት ሊጽፍባቸው ይችላል።

ይህን ስል ግምት ይቅር ማለቴ አይደለም። ያለ ግምት የጥንቱን ገበሬ ኑሮ ልናውቅ አንችልም። እኔ የምለው፥ የሒሳብ መምህራችን አሠራሩ ያልታየበትን መልስ ሙሉ ማርክ እንደማይሰጡት ሁሉ፥ በታሪክም ቍጥር የሚናገር ሰው ስንት ቤት፥ በቤት ስንት ሰው፥ ባንድ ጊዜ ስንቱ እንደ ያዘ አብሮ ይናገር ነው። እኛም ተማሪዎች ትልቁን ቍጥር ለጭብጨባ ብለን አንምረጥ። ለመንደሩም ቢሆን ማነስ ውርደት አይደለም። ጥቂት መቶ ሰዎች፥ ልጅ አባቱን እየተካ፥ ከሺህ ዓመት በላይ ባንድ ስፍራ ተጠጋግተው መኖራቸው እንኳንስ ሊያሳንሳቸው ይበልጥ ያስደንቃል።

መምህሬ ዛሬ «ማን ቈጠራቸው?» ብለው ቢጠይቁኝ፥ «ማንም አልቈጠራቸውም፤ ነገር ግን እንዴት እንደ ተገመቱ ላስረዳዎ እችላለሁ» እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ የሚያጨበጭብልኝ ባይኖርም አፍሬ አልቀመጥም።